የዓይን ጀርባ

«ለሱም ቅጂለት» አሉ አቶ ኸድሩ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እየጠቆሙ።

ረህማ አልተከራከረችም። ሦስተኛውን ብርጭቆ አለቅልቃ ሻይ ቀዳችና በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ አስቀመጠችው። ዱካው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በሩም ላይ ከመጋረጃው በስተቀር የቆመ ነገር የለም። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ከርሟል፤ ካላደረገችው አባቷ የራሳቸውን ሻይ ሳይነኩት ያቀዘቅዙታል። ስኳር በቀበሌ ኩፖን በሚታደልበት ዘመን ለማይጠጣ ሰው ስኳር መጨመር ግን አንጀቷ አልቻለም፤ ሦስተኛውን ሁልጊዜ ስኳር የሌለውን ነው የምታቀርበው። አባቷ ይህን አያውቁም። እንግዳውም እስካሁን ቅር አላለውም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ወደ መንገዱ ያለው የጨርቅ ሱቅ ሲሆን ከመጋረጃው ኋላ ያለው ደግሞ መኝታውም፣ ሳሎኑም፣ መስገጃውም ነው። የዲላ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሰው እርስ በርሱ ለመደማመጥ መጮህ አለበት፤ አባትና ልጅ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ዝም ማለትን ለምደዋል፤ ባልጣለም ጊዜ እንዲሁ። የአቶ ኸድሩ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ግራው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠቦ፣ በዚያች ቀዳዳ የብርጭቆውን ጠርዝ ወይም የሰውን አፍንጫ ያያሉ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አያዩም። በቀዳዳዋ ዙሪያ ባለው ጨለማ ውስጥ ነው ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት። መጀመሪያ ቀይና ቢጫ የለበሱ ትናንሽ ልጆች ተሰልፈው አለፉ። ከዚያ ፈረሰኛ መጣ፤ ፈረሱ በሱቁ መደርደሪያ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እነዚያ ሁሉ ሲሄዱ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ በሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆም፣ የማይናገር። የሰፈሩ ሴቶች ጂን ነው አሉ። ሼሁ ቁርዓን የቀሩበት ውሃ ላኩ፤ አባቷ ጠጡት፤ ሰውየው ንቅንቅ አላለም። አቶ ኸድሩ ማን እንደሆነ ለመናገር ማንም አላስፈለጋቸውም። ረሻድ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ አንድ የክረምት ጧት ከዚህ ቤት ወጥቶ ያልተመለሰው ልጃቸው። ሬሳው አልተገኘም። ሊያለቅሱለትም አልተፈቀደላቸውም ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ለብሷል» አሉ አባቷ፣ ሻዩን ፉት ብለው። «ካፖርት። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ፤ ኮሌታው የቆመ።»

ረህማ ዳቦውን መቁረጧን አቆመች። ረሻድ ካፖርት ኖሮት አያውቅም። የወንድሟን ልብስ እሷ ናት አጥባ አጣጥፋ በሳጥን ያስቀመጠችው፤ የቀረውንም የሄደውንም ታውቀዋለች። ያን ቀን የወጣው በሸሚዝና በአረንጓዴ ሹራብ ነው። ይህን ለአባቷ ለመናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ሰውየውን ይነጥቁኛል ብለው የሚፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልብሱ ላይ መከራከር ምን ይጠቅማል አለች በልቧ። ግን ከበሩ ጀርባዋን አዙራ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ዱካዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ ነበረባቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ የዓይን ሐኪም ሰነባብቷል፤ የዓይንን የውስጥ ጀርባ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዟል ተብሎ ከኮንጋም ከባንኮ ጎቲቲም በቡና መኪና ላይ ተጭኖ ያልመጣ የለም። ሐኪሙ በማግስቱ ጧት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ጥቂት ሰዎችም በመኪናው ይወስዳል። ረህማ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ያቺ ቀዳዳ እንዳትዘጋ። እናቷ ሞተዋል፤ ወንድሟ እንዲያ ሆኗል፤ የሚያያት አንድ ሰው ቀርቷታል፤ እሱም አፍንጫዋን ብቻ።

ከሰልፉ በፊት ጠብታ አለ። ሲስተር ካሳነሽ የምትባለው ነርስ ነበረች የምትጨምረው፤ የጴንጤዎች ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን በአፍንጫዋ ብቻ የምታንጎራጉር ገራገር ሴት። ጠብታው ቀስ እያለ የአቶ ኸድሩን ብሌን አሰፋው፤ ቡናማው ሁሉ በጥቁሩ ተዋጠ። ረህማ የአባቷን ፊት ቀና ብላ ስታይ በጥቁሩ ውስጥ የራሷን መልክ አገኘችውና ቶሎ ዘወር አለች። ከዚያ መስኮቱ በብርድ ልብስ ወደተሸፈነ ክፍል አስገቧቸው። ካሜራው ከሱቃቸው የስፌት መኪና ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው። አገጭ የሚያርፍበትና ግንባር የሚደገፍበት ነገር አለው። ሐኪሙ ብሩህ ፊትና የደከመ ድምፅ ያለው ወጣት ነበር፤ «አባቴ፣ አይንቀሳቀሱ» አለና ክፍሉ በነጭ ብርሃን በርቶ ጠፋ። ደገመ። ጨለማው ሲመለስ አቶ ኸድሩ ከአገጭ ማስደገፊያው ሳይነሱ ቀስ ብለው፣ «እዚህም መጥቷል፤ ከኋላህ ነው ያለው» አሉት።

ሐኪሙ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ በመዞሩ ራሱ አፈረ። ረህማ ሁሉንም ነገረችው፤ ልጆቹን፣ ፈረሰኛውን፣ በሩ ላይ የሚቆመውን። እሱም አልሳቀባቸውም። ብዙ ዓይነ ስውሮች እንዲህ ያያሉ፣ እብድ እንዳይባሉ ፈርተው ይደብቁታል እንጂ አለ። ዓይን መልእክት መላክ ሲያቆም አእምሮ ሥራ አይፈታም፤ ካለው ዕቃ የራሱን ሥዕል እየሠራ ያሳያል። ጂንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም፤ ለዚህ ነው የሚታዩት ሰዎች የማይናገሩት። ረህማ ካፖርቱ ትዝ አላትና፣ አእምሮ የማያውቀውን ነገር ሊሥል ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ያላየውን ከየት ያመጣዋል አለ ሐኪሙ፣ ፊልሙን ከካሜራው እያወጣ።

አባቷ ግን ሌላ ነገር ነበር የጨነቃቸው። «ብታከም ይሄዳል?» አሉ።

«ሊሄድ ይችላል» አለ ሐኪሙ፣ ደስ ያሰኛቸው መስሎት።

ረህማ አባቷን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። የሰማዩ ብርሃን ሲያፈጥባቸው ነጠላዋን ዓይናቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው፤ ክንዷን ይዘው፣ ተሸፍነው፣ እንደ ሙሽራ ተራመዱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አዲስ አበባ እንደማይሄዱ ነገሯት። ልጄን ቀብሬው ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር፤ አልቀበርኩትም፤ አሁን በራሱ እግር መጥቶ በሬ ላይ ሲቆም ሐኪም ጠርቼ ላስወጣው ነው ወይ አሉ። ረህማ እኔስ አባባ ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ ያልሞተ ልጅ ከሞተው ጋር በአባቱ ልብ ውስጥ አይወዳደርምና ተወችው። አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸውና ሱቁን ከፈተች። መናደዷን ለመርሳት የአቡጀዲውን ጥቅልል ሁለት ጊዜ ገልብጣ ደረደረችው።

የካሜራው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ገበያውን ዞሮ ነበር። ሐኪሙ ፊልም የሚያጥብበት ቦታ ስለሌለው ፊልሞቹን የሚልከው ወደ ጴጥሮስ ፎቶ ቤት ነው። ጴጥሮስ ደግሞ የሠርግና የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ፣ በሙያው የሚኮራና አፉን የማይሰበስብ ሰው ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለማይጠይቀው ሁሉ አስረዳ። ዓይን ማለት ካሜራ ነው፤ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ከኋላው ፊልም አለው፤ ሐኪሙ የሚያነሳው እንግዲህ ያንን ፊልም ነው። ፊልም ላይ ያለው ምን እንደሆነ የዲላ ሰው ለመገመት ሐኪም አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ያየው ነዋ። ጴጥሮስ እንዲህ አላለም፤ እንዲህ አይደለምም አላለም። ከቀትር በኋላ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሆነውን የነገሯት ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ናቸው። ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ሰልፉን እንደያዙ ነው፤ ጎልማሶቹ ግን አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ጠፍተዋል። በሰባ ዓመተ ምሕረት መሣሪያ ይዞ ያድር የነበረ አንድ የቀበሌ ሰው፣ ሁለት ቀን ወረፋ ጠብቆ ተራው ሲደርስ፣ «ዓይኔ ድኗል» ብሎ ሄደ። ሴቶቹ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት፤ በመሃል አንዷ ሳቋን ስታቆም ሁሉም አቆሙ። ገበያው ውስጥ ያን ቀን ሰው የሰውን ዓይን ትኩር ብሎ አላየም።

ረህማ ሱቁን ዘግታ የአባቷን ፎቶ ልታይ ፎቶ ቤቱ ስትደርስ ጴጥሮስ ከጨለማ ክፍሉ እጁን እየጠረገ ወጣ። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ በአማርኛ ሴትና ወንድ ሳይለይ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስተናግደው። «ረህማ፣ ና፤ ና እይ የአባትህን» አላት። ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ተንጠልጥለው የሚንጠባጠቡ ፎቶዎች ነበሩ፤ ከሙሽሮችና ከተማሪዎች መካከል ዓይኖች፣ ዓይን የማይመስሉ ዓይኖች። ጥቁር መሬት፣ በላዩ ግራጫ ክብ፣ ከክቡ ውስጥ አንድ ነጭ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ የሚወጡ ጥቁር ቅርንጫፎች። ከጎኑ የሙሽራ ፎቶ ነበር፤ ሙሽራዋ በቀጥታ ትመለከታታለች፤ ረህማ ግን የሚያያት ዓይኑ ነበር የመሰላት። ጴጥሮስ ለደንበኛ አንድ ትርፍ ማጠብ ልማዱ ነውና ለሐኪሙ ካጠበው ሌላ አንድ ኮፒ አውጥቶላት ነበር፤ በብር ከሃምሳ ሸጠላት። የማን ዓይን ማስታወሻ ይሆናል ብላ አልጠየቀችም። ከፍላ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ ሐኪሙ የራሱን ኮፒ በመብራት ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ጫፍ አሳያት። ነጩ ጉድጓድ ነርቩ ነው፤ የዓይን ግፊት ነው እንዲህ የቦረቦረው። ቅርንጫፎቹ የደም ሥሮች ናቸው። ቀኙ አልቋል። በግራው ግን ጠርዙ ላይ ቀጭን ክር የምታህል ጤነኛ ነርቭ ቀርታለች፤ አሁን ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ዓመቱን አትዘልቅም፤ ካገኘች ያለችው ትቆያለች። የጠፋውን ግን ማንም አይመልሰውም። መኪናው ነገ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚሁ ይነሳል፤ ለአባትሽ ቦታ ይዤላቸዋለሁ አለ። ረህማ እንደማይሄዱ ለመናገር አፈረች። አመስግና ወጣች።

ዝናቡ ቤት ሳትደርስ ያዛት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ ደጀኔ መጣ። ደጀኔ የረሻድ አብሮ አደግ ነው፤ አሁን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ኃላፊ ነው። ረሻድ ከጠፋ ወዲህ፣ ሌላው ጓደኛ ሁሉ መንገድ ሲቀይር፣ ይህን ቤት ያልተወ እሱ ብቻ ነው። ከሥራ እየተሰረቀ ይመጣና ለአቶ ኸድሩ ጋዜጣ ያነብላቸዋል፤ ስኳር ሲደርስ ከድርሻቸው በላይ ያመጣል። የሰፈሩ ሰው ልጅ ሄዶ ልጅ ተተካላቸው ይላል። ረህማም አንዳንዴ፣ ጋዜጣውን ሲያነብ አንገቱን አቀርቅሮ ስታየው፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ታስብ ነበር። ያን ቀን ግን ጋዜጣውን ሳይገልጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ የስኳሩን ከረጢትም ከላዩ። ጃኬቱ ውሃ ያንጠባጥባል። አባቷ ጠብታው ባሰፋው ጥቁር ዓይን ወደ ድምፁ አፈጠጡ፤ ደጀኔ ሊቀመጥበት ከነበረው ወንበር ርቆ ወደ ጎን ሄደ፤ የአቶ ኸድሩም ዓይን የእግሩን ኮቴ ተከትሎ ዞረ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድብ ነበር። ጧት የተቀዳው ሻይ አሁንም ዱካው ላይ ነበር።

«ፎቶውን አየሽው ረህማ?» አላት ደጀኔ በመጨረሻ።

አየሁት አለችው፤ እዚሁ ነው። ለምን እንደፈለገው አልጠረጠረችም፤ ሰው ሁሉ ማየት የፈለገውን እሱም ፈልጎ ነው ብላ የጠቀለለችበትን ጋዜጣ ፈትታ ሰጠችው። ደጀኔ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄደ። ሲያየው ቆየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ከነጩ ጉድጓድ አጠገብ፣ ሁለት ቅርንጫፎች ወርደው ከሚገናኙበት ላይ አኖረ፤ ድምፁም ከሹክሹክታ አልዘለለም።

«ካፖርቱን እንደለበሰ ነው» አለ።

ይህን ቃል ከዚያ ቀን ጧት በፊት በዚህ ቤት ውስጥ የተናገረ ሰው የለም። ጧትም የሰማችው ረህማ ብቻ ናት። ለሐኪሙ እንኳ በስሙ አልጠራችውም። ፎቶውን ልትቀበለው የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። አባቷ ግን ምንም አልደነቃቸውም። ለረጅም ጊዜ የጠበቁት እንግዳ በሩን እንዳንኳኳ ሁሉ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ኮሌታውስ ቆሟል?»

«እኔ ነኝ ያቆምኩለት ጋሽ ኸድሩ» አለ ደጀኔ። «ዝናብ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ ፎቶውን እያየ፣ ጋዜጣ በሚያነብበት በዚያው ድምፅ። ረሻድ ያን ጧት ወደ ወርቃ ከተማ ዘመድ ዘንድ ሄዶ ሊሸሸግ ነበር። ከመኪና ተራው በፊት ደጀኔ ቤት ጎራ አለ፤ በሹራብ ብቻ ነበር፤ ደጀኔም ብርድ ነው ብሎ የራሱን ካፖርት አለበሰው። ሊይዙት የመጡት ታጣቂዎች መኪና ተራው ላይ እየጠበቁ ነበር። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ስለሆኑ ረሻድን በመልክ አያውቁትም። ደጀኔን ከዚያ በፊት ባለው ቀን ይዘውት አምሽተው የለቀቁት ረሻድን በምን እንደሚለዩት ሊነግራቸው ተስማምቶ ነው። ከካፖርቱ ሌላ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም አለ። ከዚያ፣ ራሱን ሊያስረዳ የፈለገ ይመስል፣ በእውነትም በርዶት ነበር ብሎ ጨመረ።

«ፎቶው ላይ ምንም የለም» አለችው ረህማ፤ ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። «ነርቭ ነው። የደም ሥር ነው። ሰው የለበትም።»

ደጀኔ ፎቶውን እንደገና አየው። እሷን አላመናትም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ ፊቱን ገልብጦ አስቀመጠው። አቶ ኸድሩ አልረገሙትም፤ ረህማ ይረግሙታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢረግሙት ይሻላት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ያነበበላቸውን ሰው ስም አንድ ጊዜ ብቻ ጠሩት፤ «ሂድ ደጀኔ» አሉት። እሱም መጋረጃውን ገልጦ በሱቁ በኩል ወጣ። ረህማ አለቀሰች፤ ለወንድሟ አይሁን ለራሷ፣ በዚያ ዓመት ያላለቀሰችውን አሁን አለቀሰችው፤ ዝናቡ ስለሚጮህ ማንም አልሰማትም፤ ቢሰማትም የሚከለክላት አልነበረም።

አባቷ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳደረጉ ነበሩ። ጥቁር ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከዱካው ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ መንገዱ ዞረ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ወጣ» አሉ። «ተከትሎት ወጣ።»

ረህማ ተነስታ የሱቁን መስኮት ጠረገችው። ደጀኔ በመንገዱ ዳር፣ በጭቃው ውስጥ፣ ወደ ኅብረት ሱቁ ይሄዳል። ዝናቡ እየወረደበት ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ይዞታል። የሚራመደው በመንገዱ መሃል አልነበረም፤ ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ይመስል ጠርዙን ይዞ ነው። ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ የተመለከተው ወደ ኋላው ሳይሆን ወደ ጎኑ ነበር። ከዚያ ጃኬቱን ወደዚያ ጎኑ ዘረጋ፤ ቆየና መለሰው፤ መንገዱንም ቀጠለ።

«ረህማ» አሉ አባቷ ከመጋረጃው ኋላ። «መኪናው ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»